የተቀቡት ሚስማሮች

አባቴ ባዶ ብረት አይቶ ማለፍ አይችልም። መንገድ ላይ የዛገ የአጥር በር ካየ ቆም ብሎ በጥፍሩ ይፍቀውና የባለቤቱን ስንፍና እስኪበቃው ይረግማል። ቀለም ቀቢ ነው፤ ከሰፈራችን የቆርቆሮ በሮች ግማሹ የእሱ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። እናቴ «አንተ ብንተኛልህ እኛንም ትቀባን ነበር» ትለዋለች፤ እሱም የእውነት እያሰበበት ይመስል፣ ግድግዳ እንደሚለካ ሰው ከላይ እስከ ታች አየት ያደርጋታል። ይህን የማወራው ላስቃችሁ ብዬ አይደለም። እስከ ዛሬ ቆሽቴን የሚያሳርረኝ ነገር ከዚሁ ጠባዩ ስለመጣ ነው።

ያኔ አሥረኛ ክፍልን መጨረሴ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከአሥረኛ በላይ አያስተምርም፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ወይ ሌላ ከተማ የሚያስጠጋው ዘመድ ያስፈልገዋል፣ ወይ የአባቱ ኪስ ደህና መሆን አለበት። እኔ ሁለቱም አልነበረኝም። የነበረችኝ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከቤታችን ጀርባ ነው። ዓይኗ እየደከመ ስለመጣ ክር በመርፌ የምታስገባላትና ጠርዝ የምትዘመዝምላት ልጅ ትፈልግ ነበር። አባቴን ባገኘችው ቁጥር «ልጅቷን ስጠኝ፣ ሰው አደርግልሃለሁ» ትለዋለች፣ እኔ ገና ሰው ያልሆንኩ ይመስል። እሱም «ትምህርቱ ይዘጋና እናያለን» ይላታል።

በመሃል የሳይንስና የቴክኖሎጂ የክረምት ስልጠና መጣ። የፊዚክስ መምህራችን እኔን ሲመርጠኝ አባቴ ፊቱን አጠቆረ። «ክረምቱን ሙሉ ሽቦ ስትጎለጉይ ልትከርሚ ነው?» አለኝ። ክረምት ለእሱ ራሱ ክፉ ወቅት ነው፤ ዝናብ ሲገባ ውጭ ግድግዳ የሚያስቀባ ሰው የለም፤ ብሩሾቹን አጥቦ ይሰቅላቸውና ቤት ውስጥ ይነጫነጫል። እንዲያውም ሁለታችንም ቤት ከምንውል አንዳችን ብንወጣ ይሻላል ብሎ ነው መሰለኝ ዝም ያለኝ። እኔ ግን የምሄድበትን ምክንያት አንድ በአንድ አውቀው ነበር። በመዝጊያው ዕለት ሥራው አንደኛ የወጣለት ተማሪ አዳሪ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በነፃ ይገባል ተብሏል። አንድ ቦታ፣ ለአንድ ሰው። እሱን ካገኘሁ ትምህርቴን እቀጥላለሁ፤ ካላገኘሁ አክስቴ ሱቅ ገብቼ ክር አስገባለሁ። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም።

ስልጠናው የሚሰጠው ድሮ የመኪና መጠገኛ በነበረ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ በምንም የማይለቅ የዘይት ጥቁረት አለ። ጠረጴዛ የምንላቸው በርሜል ላይ የተጋደሙ አሮጌ በሮች ናቸው፤ ማጠፊያቸው እንኳ አልተነቀለላቸውም፤ የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ብሎኖቻችን እየገቡ ይጠፋሉ። መጽሐፍ ብዙ አልነበረም። አሠልጣኛችን ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ጥቂት የቀራት ወጣት ናት፤ «እጁ ያልቆሸሸ አልተማረም» እያለች የተበላሸ ሬድዮ ትሰጠንና «ፍቱት» ትለናለች። ፈታን። ያጣነውን ዕቃ ከዚያ ውስጥ እየነቀልን፣ የመበየጃ እርሳስ እያቀለጥን ሽቦ ከሽቦ አያያዝን። በትኩስ እርሳስ ጣቱን ያልተለበለበ ልጅ አልነበረም። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የስልጠናው አስተባባሪ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። እኛ «ፎቶ» ነበር የምንለው። ስልኩ ከእጁ አይወርድም። ትንፋሻችንን ውጠን ሽቦ ስናያይዝ ይመጣና «እስኪ አንዴ ቀና በሉ» ይላል፤ ቀና ስንል የቀለጠው እርሳስ ይረጋል፣ እንደገና ከሀ እንጀምራለን። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ይመስል እግሩ ስለማያርፍ «ኮረንቲ» የምንለው ልጅ በእሱ ጦስ አውራ ጣቱን ተቃጥሎ፣ «ጌታዬ፣ ቁስሉንም ያንሱልኝ» ብሎት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፎቶም ሳቀ። ቁስሉንም አነሳው።

የእኔ ሥራ የውሃ ደወል ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ቀጠሮ አያከብርም። እናቴ ቧንቧው ስር በርሜል ትደቅንና ወደ ሥራዋ ትገባለች፤ በርሜሉ ሞልቶ ግቢው ሐይቅ ይሆናል፤ ከዚያ በታች በኩል ያለችው ጎረቤታችን ወለሏ ረጥቦ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አፏን ከፍታ ትመጣለች። ከዚያ የሚሰማውን ስድብ ልጽፈው አልችልም። እኔም የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ፈልጌ ውስጡን በሽቦ ሞላሁት፤ የባትሪ ድንጋይ፣ ከሬድዮ የተነቀለ ትራንዚስተር፣ አንድ ትንሽ ደወል። በፕላስቲክ ክዳኑ በኩል ሁለት ረጃጅም ሚስማሮች ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ አወጣሁ። ቆርቆሮው በርሜሉ አፍ ላይ ተደፍቶ ይንጠለጠላል፣ ሚስማሮቹ ወደ ታች ያያሉ። ውሃው ከፍ ብሎ ሁለቱን ሲነካቸው ኤሌክትሪኩ በውሃው ውስጥ ከአንዱ ሚስማር ወደ ሌላው ያልፍና ደወሉ ይጮሃል። ነገሩ ይኸው ነው። ሲወራ ይቀላል እንጂ መጀመሪያ የሠራሁት አልጮህ አለኝ፣ ቀጥሎ የሠራሁት ዝም አልል አለኝ፤ አሠልጣኟ መልሱን እያወቀችው አልነግርም ብላ ጠጉሬን ልታስነጨኝ ደረሰች። በስተመጨረሻ ሲጮህ ቆማ አጨበጨበችልኝ። «ይሄ ያሸንፋል» አለች ጆሮዬ ላይ።

በመዝጊያው ዋዜማ ፎቶ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲንጎራደድ ቆየና ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አደረገ። «ይሄ ነው ለእንግዳ የሚቀርበው?» አለ። «ካርቶን፣ ቆርቆሮ፣ የተላጠ እንጨት። የቆሻሻ ገንዳ ፎቶ ያነሳሁ ነው የሚመስለው። ከወላጆቻችሁ ቀለም የሚቀባ የለም?»

ኮረንቲ በተቃጠለ ጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። «የእሷ አባት አሉ።»

ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አባቴ እዚያ አዳራሽ አንድ ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም ነበር። ሲጠሩት ግን ብሩሾቹን ከተሰቀሉበት አውርዶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ከሰዓት በኋላ ከች አለ። የሥራ ልብሱ ታጥቦ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አዳራሹን ሲያይ የሰው ቤት የገባ ሙሽራ መሰለኝ።

እጁን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ወሰድኩት። «የእኔ ይሄ ነው» አልኩት።

«ምን ያደርጋል?»

ሚስማሮቹን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። ሲጮህ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ከዚያ በራሱ ሳቀ። «በርሜሉ ላይ ሊሰቀል ነው?»

«ሊሰቀል ነው።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ አባዬ።»

ቆርቆሮውን ተቀብሎ አገላበጠው። እንደ ግድግዳ ነው ያየው፤ ዝገቱን፣ የጎደጎደውን ጎኑን፣ ሚስማሮቹን።  ፀጉሬን በመዳፉ ዳበስ አደረገኝ፤ ልጅ ሆኜ ትቶት የነበረውን ነገር ነው ያደረገው። ከዚያ ፎቶ «ተማሪዎች ወደ ቤት፣ ልብሳችሁን አዘጋጁ» ብሎ አስወጣን። አሠልጣኟንም በር ላይ የሚሰቀለውን ጽሑፍ እንድታመጣ ላካት። አባቴ ብቻውን ቀረ። ቆርቆሮውን እንደሚቀባ አውቄያለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልታየኝም።

ሲመሽ እጁ ሰማያዊ ሆኖ ገባ። ከመቀመጡ ለእናቴ ሁሉንም ዘረዘረላት፤ የትኛው ልጅ መኪና እንደሠራ፣ የትኛው ንፋስ የሚሰጥ ነገር እንደሠራ። «የእሷን ለብቻው ነው የያዝኩት» አላት። ወደ እኔ ዞሮም፣ «ለአክስትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ ሌላ ልጅ ትፈልግ። አንቺ ሻንጣ ነው የሚያስፈልግሽ» አለኝ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ያን ዕለት ማታ አባቴን እንደ ዓይኔ ብሌን ወደድኩት። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝም ይህ ነው፤ በክፋት አድርጎት ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

በማግስቱ አዳራሹን ላውቀው አልቻልኩም። በሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፤ ሥራዎቻችን ሁሉ ሰማያዊና ነጭ ሆነው ተደርድረዋል። የእኔ ከሁሉ በልጦ ያምራል። ቆርቆሮው እንደ ብርጭቆ ያንፀባርቃል፤ በወገቡ ላይ ያለ ማስመሪያ የተሰመረ ቀጭን ነጭ መስመር ዞሮታል። ሚስማሮቹም ያበራሉ፣ ዝገታቸው ጠፍቶ አዲስ ብር መስለዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አሳምሯቸው ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። ልሞክረው እጄን ስዘረጋ ፎቶ ከየት መጣ ሳልለው ደርሶ፣ «አይነካም፣ ቀለሙ በደንብ አልደረቀም፤ ሁላችሁም እጃችሁን ሰብስቡ» አለ። ሰበሰብን።

ዳኞቹ ሁለት ነበሩ፤ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ። ፎቶ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ሥራ ሳይጀመር፣ «ይህን ሁሉ ውበት ያለበሱልን አባት እዚህ አሉ፤ እስኪ ይነሱልን» አለ። አባቴ ከኋላ ተነሳ። የክት ኮቱን ለብሷል። ሰው አጨበጨበለት፤ ርዕሰ መምህሩም ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ እጅ ነስቶ ሲቀመጥ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ነበር። በዕድሜው ሙሉ ለቀባው ግድግዳ ያጨበጨበለት ሰው የለም።

ተራዬ ደረሰ። እንዴት እንደሚሠራ ሳልንተባተብ አስረዳሁ። ቆርቆሮውን ባልዲው አፍ ላይ አንጠልጥዬ በጆግ ውሃ መጨመር ጀመርኩ። «ውሃው ሚስማሮቹን ሲነካ ትሰማላችሁ» አልኩ። ነካቸው። ምንም የለም። ጨመርኩ። ሚስማሮቹ ግማሽ ድረስ ጠለቁ። አሁንም ዝም። ውሃው ክዳኑ ጋ ደርሶ በባልዲው ጠርዝ ነጩ ጨርቅ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ ኋላ ያለ ሰው ሳል ሳለ፣ ሌላው ሳቀ። 

ክዳኑን ከፍቼ ድንጋዮቹን ነካካሁ፣ ሽቦዎቹን አየሁ። ሁሉም በቦታው ነው። ከዚያ አንዱን ሚስማር በጥፍሬ ጫር አደረግኩት። ብርማ ነገር ጥፍሬ ስር ገባ። ቀለም ነው። አባቴ ብረት ባዶውን መተው አልሆነለትም፤ ሁለቱንም ከሥር እስከ ጫፍ በብርማ ቀለም ቀብቷቸዋል።

«ቀለሙ ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሚስማሮቹ ተቀብተዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ እፍቀዋለሁ፤ ይሠራል።»

ሴትዮዋ ርዕሰ መምህሩን አዩ። «ትሞክር» አሏቸው።

ፎቶ በማጉያው ሳቅ አለ። «ልጃችን ደንግጣለች፤ ያለ ነገር ነው። ግን ሥራው ባይበላሽ፤ ፎቶው ገና አልተነሳም።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። የቤት ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ ጠንክሮ ይዟል፤ የአባቴ እጅ እኮ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ ይነሳል? ቁልፉ አንድ ጊዜ እንደቧጠጠ የእጄን አንጓ የሆነ ሰው ያዘኝ። ቀና ሳልል በአኳራጁ ሽታ አወቅኩት፤ ብሩሽ የሚያጥብበት ነገር ከገላው ለቆ አያውቅም።

«ተይ» አለኝ።

«አባዬ ልቀቀኝ። ቀለሙ ነው፣ አሁን ይጮሃል።»

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለኝ። ቢቆጣኝ ኖሮ እጄን መንጭቄ እፍቅ ነበር። አልተቆጣም፤ ለመነኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው።

አሠልጣኟን ፈለግኳት። ግድግዳው ጋ ቆማለች። ሚስማሮቹን አየች፤ ገብቷታል፣ ፊቷ ላይ ይነበባል። ከዚያ ፎቶን አየች። ከዚያ ጫማዋን ማየት ጀመረች፣ እዚያው ቀረች።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዳኞቹ ትንሽ ጠበቁና ወደሚቀጥለው አለፉ።

ኮረንቲ አሸነፈ። ሲጨልም በራሱ የሚበራ መብራት ነው የሠራው፤ መጥፎ አልነበረም። ውጤቱ ሰኞ ለትምህርት ቤቱ ይላካል ተብሎ ተነገረ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን። ኮረንቲ ከግርግሩ ወጥቶ ወደ እኔ መጣና «ያንቺ ይሻል ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ያን ሰዓት ደግነት አላማረኝም። አሠልጣኟም «አይዞሽ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነበር» ልትለኝ ቀረብ ስትል ፊቴን አዞርኩባት።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ አቅፎ ከፊቴ ይራመዳል።  ቤት እንደደረስን ከእጁ ተቀብዬ ግቢ ተቀመጥኩ። ከቦርሳው የብርጭቆ ወረቀት አወጣሁና ጥቁሩ ብረት እስኪታይ ድረስ ሁለቱን ሚስማሮች ፈገፈግኳቸው፤ ጣቴ ደማ። ከዚያ ሞልቶ የተቀመጠው በርሜል ውስጥ ነከርኳቸው።

ጮኸ። ያውም እንዴት ያለ ጩኸት። ዝም አላሰኘሁትም። እናቴ ከቤት ወጣች፤ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «ምን ጉድ ነው?» አለች፤ እኔ ቆርቆሮውን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አባቴ አንድ እግሩን ጫማ እንዳወለቀ በሩ ላይ ብቅ አለ። እንዲሰማው ነበር የፈለግኩት። አጥንቱ ድረስ እንዲሰማው።

«ምን አደረግሽው?» አለኝ።

«ምንም። ቀለሙን አነሳሁለት።»

አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ባዶውን ሚስማር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።  «እንዳይዝግብሽ ብዬ ነው» አለ። «ውሃ ውስጥ የሚውል ብረት...» አልጨረሰውም።

እናቴ «በቃ ልጄ፣ አውጪው» አለችኝ። አወጣሁት። 

ያኔ ነው አባቴ ቀና ያለው። «ሰኞ ነው የሚላከው አይደል?» አለ። «ነገ አስተባባሪው ጋ እሄዳለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ልጅቷ እንደገና ትታይልኝ እለዋለሁ።» እንደ ወንድ ነው የተናገረው፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ከንዴቴ ግማሹ እዚያው ሟሟ። ተሳስቶ ነው፤ ግን ስህተቱን ሊሸከም ነው። ከአባት ሌላ ምን ይፈለጋል?

ጠዋት እናቴ ሸሚዙን ተኮሰችለት፤ እኔ ጫማውን ጠረግኩለት። ቆርቆሮውን በጋዜጣ ጠቅልዬ በሲባጎ አሰርኩለትና እንዴት እንደሚያሳየው አስረዳሁት፤ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ይጠይቅ፣ ይንከረው፣ ሌላው በራሱ ይናገራል። በሩ ላይ ቆሞ የሚለውን ደግሞ ደጋግሞ አነበነበልኝ። ከሄደ በኋላ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ አለኝ፤ የተጠረገውን ጠረግኩ፣ የታጠበውን አጠብኩ። እናቴ ሳታየኝ ልብሶቼንም አጣጥፌ አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩ።

እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። ጥቅሉ ብብቱ ስር ነው። ፊቱ በርቷል፤ እንዳይታይበት ግን ይታገላል።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ሰውየው ደህና ሰው ነው» አለ። «ሻይ አዘዘልኝ።»

«ምን አለህ አባዬ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ገና ከመግባቴ፣ ‹ላስጠራዎት ስል መጡልኝ› አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ያ ቀለም ቀቢ የት ይገኛል ብለው ጠይቀዋል አሉ። አዳሪ ትምህርት ቤቱን ሊያስቀቡ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ነው፣ ዝናብ አያግደውም። የመማሪያ ክፍሎቹን፣ መኝታ ቤቶቹን፣ ሁሉንም። ሰኞ እጀምራለሁ።»

እናቴ «ተመስገን» አለች፤ ከዚያ ትዝ ብሏት አፏን በእጇ ያዘች።

«ስለ እኔስ?» አልኩት።

ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አደረገው። ሲባጎው እኔ እንዳሰርኩት ነው። «ላነሳው ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ... ሰውየው እጄን ጨብጦ ሥራ እየሰጠኝ፣ የልጆቹን ዕቃ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ልበለው? ያንን ሰምቶ ማን ትምህርት ቤት ያስቀባኛል? ሥራውን ልጀምርና ቀስ ብዬ...»

«ሰኞ ነው የሚላከው።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ተነስቼ ጫማዬን አጠለቅኩ። እኔም አፍ አለኝ፤ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ጥቅሉን ከጉልበቱ ላይ ሳነሳ አልከለከለኝም። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆመች። መንገድ አልዘጋችብኝም፤ ቆመች ብቻ። «ልጄ፣ ዝናቡ ከገባ ጀምሮ እጁን አጣጥፎ ነው የተቀመጠው» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ሄደሽ ብትነግሪያቸው ሥራውን ለሌላ ይሰጡበታል።»  ዞሬ አየሁት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ብሩሾች እያየ ነበር፤ የትኞቹ ለሰፊው ክፍል፣ የትኞቹ ለጠርዝ እንደሚሆኑ በልቡ እየመረጠ መሆኑን አውቄዋለሁ።  ከዚያ ጫማዬን አወለቅኩ።

አባቴ የተሻለ ነገር የሰጠኝ መስሎት ፊቱ ፈታ አለ። «የልጃገረዶቹን መኝታ ቤት አሳምሬ ነው የምቀባው» አለኝ። «መሰላል የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ለምን አብረሽኝ አትመጪም? ትምህርት ቤቱን ታዪዋለሽ።»

«አልችልም» አልኩት። «ሰኞ አክስቴ ጋ ሥራ እጀምራለሁ።»